አሥራ አንድ ክር

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለው ግቢ ሦስት ሸማኔዎች አንድ ክፍል ተከራይተው ይሠሩ ነበር። ጠዋት የምነቃው በመወርወሪያቸው ድምፅ ነው። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ "ዶርዜ" ማለት ሸማኔ ማለት ነበር። የአገርና የሕዝብ ስም መሆኑን ያወቅኩት ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ነው። ኳሳችን ግቢያቸው ገብታ ሳይመልሱልን ሲቀሩ ደግሞ ቃሉ ስድብ ይሆናል። እኔም ተሳድቤበታለሁ።

ስለዚህ የሦስተኛ ዓመት ሶሲዮሎጂ ተማሪዎች የመስክ ጉዞ ወደ ጋሞና ኮንሶ ነው ሲባል ደስ አለኝ። ትንሽ ደግሞ ከበደኝ።

17 ተማሪዎች፣ አንድ መምህርና አንድ ሹፌር በኪራይ ኮስተር ሄድን። በነፍስ ወከፍ 4,500 ብር አዋጣን፤ የቀረውን ትምህርት ክፍሉ ሸፈነ። ሥራችን በእጅ ሥራ የሚያድሩ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ማየትና መጻፍ ነው። መምህራችን ከመነሳታችን በፊት አስጠነቀቀን። "ወርሃዊ ገቢህ ስንት ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ሰውየውም አያውቀውም። መጨረሻ የሸጥከው ምንድን ነው? በስንት ሸጥከው? በብሩስ ምን ገዛህበት? በሉ።" ሌላውን መጠይቅ ሁሉ ሁለተኛው ቀን ላይ ትተን በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ተመለስን።

ዓርብ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም፦ ከአዲስ አበባ ሶዶ

12 ሰዓት እንነሳለን ተባለ። የተነሳነው 1፡40 ነው። በዓለም ገና አድርገን የቡታጅራን መንገድ ያዝን።

ጢያ ላይ ለግማሽ ሰዓት ወረድን። በእንግሊዝ አቆጣጠር 1980 ዩኔስኮ የመዘገባቸው፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ናቸው። መምህራችን "ይሄ የማን ነው?" አለ። አንዱ "የጀግና መቃብር" አለ። "እሱማ የተቀበረው ነው። የጠረበውስ?" ዝም አልን። እሱም ዝም ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። መምህራችን እንዲህ ነው፣ ጥያቄ ወርውሮ ይሄዳል።

ቡታጅራ ቁርስ በላን። ሆሳዕናን ካለፍን በኋላ ሁሉም ማንቀላፋት ሲጀምር መምህሩ ከቦርሳው አንድ ፎቶ ኮፒ አወጣ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ያወጡት አዋጅ ነው። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ፣ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ይቀጣል የሚል። ጮክ ብሎ አነበበልን። "ቁጢት በጣሽ" የሚለው ላይ ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ። መምህሩ ወረቀቱን አጥፎ "117 ዓመት ሆነው" ብሎ ተቀመጠ።

ሶዶ የደረስነው መሽቶ ነው። ወላይታ ገብቶ ቁርጥ ሳይበሉ ማደር ነውር ነው ተብሎ መዋጮ ተጠየቀ። ኪሎው 900 ብር። ለ17 ሰው ሦስት ኪሎ። ሥጋው ሲያልቅ እንጀራውን በዳጣ ጠራርገን በላን። እውነቱን ለመናገር ከሥጋው ይልቅ ዳጣው ነው ትዝ የሚለኝ። ዓይኔን አስለቀሰኝ፣ አፍንጫዬን ከፈተልኝ፣ እንደገና አዘዝኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፦ አርባ ምንጭ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ መንገዱ እየወረደ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። ሹራብ ወለቀ፣ ከዚያ ጃኬት መያዛችን ራሱ አስቆጨን። (ነገ ግን ያድነናል።) አባያ ከግራ ታየ። ውኃው ቀይ ነው፣ እንደ ሻይ በወተት። ጫሞ ደግሞ ከወዲያ ሰማያዊ። በሁለቱ መሀል ያለውን መሬት የአገሩ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል።

ምሳ የጫሞ አሳ ጥብስ ነበር። ሙሉ አሳ፣ በቢላ ተሰነጣጥቆ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ፣ 350 ብር። ለሁለት ይበቃል። አዲስ አበባ በዚህ ዋጋ የአሳውን ጭራ ታገኛለህ።

ያደርንበትን ሆቴል ስም አልጠራም። ለሁለት ሰው 600 ብር ከፈልን። ማታ ገላችንን ልንታጠብ ብንል ቧንቧው ነፋስ ብቻ ተፋ። አርባ ምንጭ ባላት ከተማ! አስተናጋጁ ሳቀብንና አንድ ጀሪካን አመጣልን። "አርባው እላይ ነው ያለው፣ እኛ አንዱም አልደረሰን" አለ።

እሑድ፣ ጥር 18፦ ወደ ዶርዜ

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዶርዜ ጎረቤት ጨንቻ 2,700 ገደማ። ርቀቱ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ይሄን ሁሉ ከፍታ ኮስተሯ በአንድ ትንፋሽ ልትወጣ አልቻለችም። ግማሽ ላይ ሞተሩ ፈላ። ሹፌሩ ክዳኑን ከፍቶ "ውረዱ፣ ትረፍ" አለን። ወርደን በእግር ጀመርነው። በየመታጠፊያው ልጆች እየጨፈሩ ይወርዳሉ። አንዱ እግሩን ዘርግቶ መሬት ላይ ቁጭ አለና ተነሣ። ሌላው በጥጥ የተሠራ ባርኔጣ ዘረጋልን። "ማን ሠራው?" አልኩት። "አባዬ" አለ። "አባትህስ የት ነው?" "ሸገር።"

ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን። ከሙቀቱ የወጣነው ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ነው፤ አሁን ጥርሴ ይንቀጫቀጫል።

ያረፍንበት ግቢ አራት የዶርዜ ቤቶች ነበሩት። ሥዕሉን ሁላችንም አይተነዋል። አጠገቡ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው። ከፊት የዝሆን ፊት ነው፣ በሩ ላይ ወጣ ያለው አፍንጫው፣ ከላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይኖቹ። ምሰሶ የለውም። ቀርከሃውን እንደ ቅርጫት ሸምነው ያቆሙታል፣ ከላይ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ያለብሱታል። አዲስ ሲሠራ 12 ሜትር የሚደርስ አለ። ከዚያ ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላውን ይቆርጡታል። ቤቱ ያጥራል። እንደገና ይበላል፣ እንደገና ያጥራል። ባለቤቷ እማማ በሩ ላይ ቆመው "እኔ ሳገባ በሩ ከራሴ በላይ ነበር፣ አሁን እሰግድለታለሁ" አሉን። በአስተርጓሚ ነው፤ ሳቃቸው ግን አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ምሳ ቆጮ ነው። እማማ የእንሰቱን ግንድ በቀርከሃ እየፋቁ አሳዩን። እኔም ሞከርኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዴ ዛለ። የተፋቀው ተቀብሮ ይብላላል፣ ከዚያ በቅጠል መሀል ተጠፍጥፎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ትኩሱን ከማርና ከዳጣ ጋር በላነው። ከዚያ አረቄ በትንንሽ ብርጭቆ መጣ። "ዮሆ! ዮሆ! ዮሆ!" ተብሎ በአንዴ ይጠጣል። ከመካከላችን ኮካ የጠየቀች ነበረች። ዝም ብለው አዩዋት።

ከሰዓት በኋላ ለሦስት ለሦስት ተከፋፍለን ሸማኔዎች ቤት ተደለደልን። የኛ ጋሼ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ቀስ ያለ ሰው ናቸው። አማርኛቸው የኔን ይመስላል። ቀልድ አይደለም፣ የሽሮ ሜዳ አማርኛ ነው።

ዘጠኝ ዓመታቸው ላይ አጎታቸው አዲስ አበባ ወሰዳቸው። ትማራለህ ተብለው። ቀን ማግ በቀሰም ሲያጠነጥኑ ውለው ማታ እዚያው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ይተኛሉ። አሥራ አንድ ዓመታቸው ላይ እግራቸው መርገጫው ሲደርስ ሽመና ጀመሩ። ትምህርት ቤቱን በር ላይ ቆመው ነው የሚያውቁት። በአጠቃላይ 22 ዓመት ሽሮ ሜዳ ኖሩ። ዓመቱን ሙሉ ቆጥበው ለመስቀል ዶርዜ ይመጣሉ። "መስቀልን እዚህ ያልዋለ ሰው የሞተ ነው የሚባለው" አሉ። በመጨረሻ የቤት ኪራዩ ከሥራው በለጠ፣ ጠቅልለው ተመለሱ።

"አንቺ የት ሰፈር ነሽ?"

"ሽሮ ሜዳ።"

"ሽሮ ሜዳ የት?"

"ከወፍጮ ቤቱ በታች።"

እጃቸው ቆመ። ወፍጮ ቤቱን፣ ከጎኑ ያለችውን ጠጅ ቤት፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚሞላውን ቦይ አንድ በአንድ ጠሩልኝ። እኔ ሳልወለድ የፈረሰውን ሁሉ። "ልጆቹ ግን ባለጌ ነበሩ" አሉና ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ። ምን እላለሁ?

ሽመናው የጉድጓድ ነው። ጠርዙ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። የመርገጫው ገመድ በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መሀል ይገባል። አውራ ጣታቸው ከሌሎቹ ርቆ፣ ጠምዘዝ ብሎ የቀረ ነው። ቀኝ እግር ሲጫን ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው ሹልክ ይላል፣ ግራ እጅ ይቀልበዋል፣ ጧ! ግራ እግር፣ ሹልክ፣ ጧ! ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉን ባለቤታቸው ፈትለውታል። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ጨርቁን ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ውኃ ይመስላል።

"ልሞክር?" አልኩ። እዚህ ላይ ዝም ብል ጥሩ ነበር።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ሁለት ጊዜ ተሳካልኝ። ጓደኞቼ አጨበጨቡ። በሦስተኛው መወርወሪያውን ስወረውር እግሬ ቀደመ። ድሩ ተከደነ፣ መወርወሪያው መሀል ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። እኔ ደግሞ ደንግጬ ሳብኩት። ጠስ፣ ጠስ፣ ጠስ አለ።

ጋሼ አልተቆጡም። ገብተው ተቀመጡ፣ ዓይናቸውን አጠበቡ፣ የተበጠሰውን በምራቅ እያረጠቡ አንድ በአንድ መቀጠል ጀመሩ። ጫፉን ከጫፉ ጋር በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል ያሹታል፣ ይቋጥሩታል፣ ትርፉን በጥርሳቸው ይቆርጡታል። አንዱ ክር ሦስት አራት ደቂቃ ወሰደ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። አሥራ አንድ። ሲጨርሱ መሽቷል። "ይሄ መወርወሪያ ስንት ተማሪ አባረረ!" አሉኝ። ልክፈል አልኩ። እንዳልሰሙ ሆኑ።

የመምህሩን ሦስት ጥያቄዎች ያኔ ጠየቅኩ። መጨረሻ የሸጡት ጥለት ያለው ነጠላ ነው። ለክርና ለጥለቱ 550 ብር ወጣ። ሁለት ቀን ሙሉ ሠሩት። ነጋዴ 1,100 ሰጣቸው። የቀረው 550 ብር፣ በዚያ ላይ የባለቤታቸው ፈትል አልተቆጠረም። በብሩ ክር ገዙ። "ሌላስ?" "ክር ገዛሁ አልኩሽ እኮ።"

ሰኞ፣ ጥር 19፦ የዶርዜ ገበያ

የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። ሜዳው በነጭ ተሞልቷል፤ ጥጥ፣ ፈትል፣ ጋቢ፣ ቡሉኮ። ወዲያ በኩል ቀርከሃ፣ ወዲህ ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ። ቦርዴ የሚሸጡ ሴቶች መደዳውን ተቀምጠዋል። በቅል ሰጡኝ፤ ወፍራም ነው፣ ምሳ ያስረሳል።

ብዙ የተጓዘው ጓደኛችን ዱንጉዛ ገዛ፣ ያ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ባለ መስመሩን የጋሞ ጨርቅ። አዲስ አበባ ዘፋኞች ለብሰውት ስላየ በዚያው ዋጋ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ሩቡን አልከፈለም። ደስታው እስከ ማታ ድረስ ነበር፤ ማታ መምህሩ "መጨረሻ የገዛኸው ምንድን ነው? በስንት?" አለው።

የገረመኝ ሌላ ነው። ክር ሻጮቹ ጋ ያለው ሰልፍ ከልብስ ሻጮቹ ይበልጣል። ሸማኔው ጠዋት ያመጣውን ሸጦ እዚያው ክር ገዝቶ ይመለሳል። አንድ ወጣት ሸማኔ የክሩን ዋጋ ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ። "ክሩ በየሳምንቱ ይጨምራል፣ ነጠላው በዓል ሲደርስ ብቻ" አለን። ቻይና ደግሞ ጥለቱን ከጨርቁ ጋር አትሞ ይልካል፣ ከሩቅ ሲያዩት አይለይም። "ከቅርብስ?" አልነው። "ከቅርብ የሚያይ ገዢ የታለ?"

ማክሰኞ፣ ጥር 20፦ ጨንቻ

ጨንቻ ስሟ በአፕል ነው የሚነሳው። ኪሎው 120 ብር ገዛን። ትንንሽ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ ጥርስ ስር የሚጮህ። ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ ሸማኔዎችም አሉ። ከሽመናው የተሻለ ይገባል አሉን፤ መሬት ያለው ከሆነ።

መሬት ያለው ከሆነ የሚለው ነገር የገባኝ ሸክላ ሠሪዋ እናት ቤት ነው። ጋሞ ውስጥ ሽመና የተከበረ ነው፤ ገበሬውም ይሸምናል። ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚፍቁት ግን በድሮው ሥርዓት ለብቻ ናቸው። ማና፣ ደጋላ ይሏቸዋል። እርሻ የላቸውም። ገበያ ላይ ጥግ ነበር ቦታቸው። መቃብራቸውም ለብቻ።

እማማ አፈሩን ከሩቅ ተሸክመው ያመጣሉ፤ ለባለመሬቱ ይከፍላሉ። የተሰበረ አሮጌ ሸክላ ወቅጠው ይቀላቅሉበታል፣ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ። ማሽከርከሪያ የለም። ጀበናውን በእጃቸው እየዞሩት ነው የሚያወጡት። ሴትየዋ ናት የምትዞረው፣ ጀበናው አይደለም። ሲደርቅ በወንዝ ድንጋይ ያሹታል። አንገቱን ሲያስገቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እኛም አብረን ያዝን።

ባለፈው ሳምንት 20 አቃጠሉ፣ ስድስቱ ተሰነጠቀ። ማገዶው በግዢ ነው። ቀድሞ እንስራ ነበር ገበያው፤ እሱን ጀሪካን ወሰደው። አሁን ጀበናና ድስት ናቸው የቀሩት። መጨረሻ የሸጡት? ጀበና፣ 100 ብር። በብሩስ? "ጨው፣ በቆሎ፣ የልጅ ደብተር።"

ቡና አፈሉልን። በራሳቸው ጀበና። ሁላችንም ጠጣን፤ ሦስቱንም። ከጨንቻ የያዝነው ወጣት አስተርጓሚ ግን ከደጃፉ አልገባም። እማማ ስኒ ይዘውለት ወጡ። "ጠጥቻለሁ" አለ። ጠዋት ከኛ ጋር ነበር፣ ቡና አልጠጣም።

እማማ ስኒውን ይዘው ተመለሱና ለኔ ሰጡኝ። አራተኛ ሆነልኝ። ቆይተው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በሰባራ አማርኛ "አሁን ሕግ አንድ ነው። ገበያ አንድ ነው። ልጄን የሚያገባ ግን አልመጣም" አሉ። ልጅቷ ጓዳ ነበረች። ሸክላ ስታሽ ይሰማናል።

ስንወጣ አንዱ ልጅ 120 የተባለውን ጀበና 80 አስገባ። መኪና ውስጥ "አወረድኳት" እያለ አሳየን። ማንም መልስ አልሰጠውም። (ኮንሶ መንገድ ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ስንገባ ጀበናው ከላይ ወድቆ ተሰበረ። ደስ አለኝ ማለት ኃጢአት ነው፤ አልልም።)

ማታ ከመውረዳችን በፊት ጋሼ ቤት ሮጥኩ። ነጠላው አልቆ ተጣጥፏል። "ይሄንን ነው የምፈልገው" አልኩ። ዘርግተው ቋጠሮዎቹን አሳዩኝ፤ አንድ መስመር ላይ የተደረደሩ እንደ ስኳር ቅንጣት ያሉ ነጠብጣቦች። "ይሄማ ጉድለት አለበት፣ ሌላ ልሥራልሽ" አሉ። እምቢ አልኩ። "እንግዲያው 1,200።" 1,300 ሰጠኋቸው። ዝርዝር የለኝም ብለው ወጡና በመልሱ ፈንታ በሻርፕ የተቋጠረ አፕል ይዘው መጡ። ስመዝነው ከመቶ ብር ይበልጣል።

ረቡዕ፣ ጥር 21፦ ናፍጣ

ዛሬ ወደ ኮንሶ 90 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነበረን። ቀኑን ግን የበላው ሰልፍ ነው። ናፍጣ የለም። አርባ ምንጭ ማደያ ሰልፍ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ቆምን። ተራችን ሊደርስ ሁለት መኪና ሲቀረው አለቀ ተባለ። ከጎን አንድ ልጅ በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ዋጋው ከማደያው እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሹፌሩ ተሳደበ፣ ገዛ። የኮንሶዋ ከተማ ካራት ስንገባ 12 ሰዓት ሆኗል።

ሐሙስ፣ ጥር 22፦ ኮንሶ

ኮንሶ ድንጋይ ነው። ተራራው በሙሉ በደረጃ እርከን ተሠርቷል፤ አንዳንዱ የድንጋይ ግንብ አምስት ሜትር ይደርሳል። በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ጋሞሌ የምትባለዋን መንደር አየን። በድንጋይ ቅጥር የታጠረች፣ መተላለፊያዋ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ። ሞራ የሚሉት አደባባይ ላይ ወጣቶች ገበጣ ይጫወታሉ። ቁርስ ኩርኩፋ ነበር፤ የማሽላ ድብልብል ከሽፈራው ቅጠል ጋር። እኔ ወደድኩት። ግማሹ ሰው ብስኩት ፍለጋ ሄደ።

እዚህም ገበሬውና የእጅ ባለሙያው በድሮው ሥርዓት ሁለት ነበሩ። ባለሙያዎቹ ሃውዳ ይባላሉ፤ ቀጥቃጩም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ ቆዳ ፋቂዋም። ቀጥቃጩ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ዶማ ያወጣል። ልጁ ወናፉን ይነፋል። መጨረሻ የሸጠው ዶማ ነው፣ በብሩ ከሰል ገዛበት። ክር ሸጦ ክር የመግዛት ነገር እዚህም አለ።

የኮንሶን ጉዞ የማይረሳ ያደረጉልኝ ግን ቆዳ ፋቂዋ እናት ናቸው። ቆዳ የሚፍቁት በድንጋይ ነው። አዎ፣ በድንጋይ። መጀመሪያ ለቱሪስት የሚያሳዩት መስሎኝ ነበር። ከእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ የተሳለ ድንጋይ በሙጫ ተጣብቋል። የከብቱን ቆዳ ዘርግተው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ራሳቸው ይስባሉ፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወድቃል። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ከሳቡ በኋላ ድንጋዩ ይዶለዱማል። ያኔ በትንሽ ብረት ቀስ ብለው ጠርዙን መታ መታ ያደርጉታል፤ ቅንጥብጣቢው ጣሳ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ እንዳይረግጠው። እንደገና ይስላል። ብረት ለምን አይጠቀሙም አልናቸው። "ብረት ቆዳውን ይቀደዋል። ድንጋይ ደግሞ በነፃ ነው።" መሐንዲስ ቢጠየቅ ከዚህ ያጠረ መልስ አይሰጥም።

ደንበኛው ቆዳውን ያመጣል፣ ለምንጣፍ። መጨረሻ 150 ብር ተቀበሉ፣ ለግማሽ ቀን ሥራ። በብሩ ጨቃ የሚጠመቅበት እህል ገዙ። ፕላስቲክ ምንጣፍ ከመጣ ወዲህ በሳምንት አንድ ቆዳ ከመጣላቸው ጥሩ ነው። ሁለቱ ልጆቻቸው ኮሌጅ ናቸው፣ ሙያውን አልተማሩም። "አልፈልግምም" አሉ።

ከዚያ ተራቸው ሆነና እኛን ጠየቁን። "እናንተ ምን ትሠራላችሁ?"

"እንማራለን።"

"እሱን አየሁ። በእጃችሁስ?"

አስተርጓሚው ተርጉሞ ጨርሶ እኛን አየን። አንዷ "እንጽፋለን" አለች። እማማ ማስታወሻ ደብተሬን ተቀብለው ገለጡት፣ አገላብጠው አዩት፣ መለሱልኝ። ጨቃ ቀዱልን።

ቅዳሜ፣ ጥር 24፦ ሽሮ ሜዳ

መልሱ ሁለት ቀን ነው፤ የሚወራ የለውም። ሁሉም ተኝቶ ነው የመጣው።

ቤት ከመግባቴ በፊት ዋናው መንገድ ላይ ካሉት ሱቆች አንዱ ገባሁ። ያንኑ የሚመስል ጥለት ያለው ነጠላ ተሰቅሏል። "ስንት ነው?" "1,900፣ ለአንቺ 1,750።" ማን እንደሠራው ጠየቅኳት። "ዶርዜ ነዋ!" አለች፣ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩ። አልፈረድኩባትም። የሱቅ ኪራይዋን ነግራኛለች፤ እኔ ብሆን ከዚያ በላይ እጨምር ነበር።

እናቴ ቦርሳዬን ስትፈታ ነጠላውን አገኘችው። ወደ መስኮቱ ወስዳ ዘረጋችው። የእናቴ ዓይን ጨርቅ ላይ አይታለፍም።

"ስንት ገዛሽው?"

"1,300። በአፕል።"

"ቋጠሮ አለበት እኮ! አላየሽም? ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው…" በጣቷ መቁጠር ጀመረች። "ይሄን አሳይተሽ ማስቀነስ ነበረብሽ።"

"አሥራ አንድ ናቸው" አልኳት።